የልጁ ጉንፋን፣ የእንጥሉ ቀጠሮና የአያቱ ሳል

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። የ3 ዓመት ወንድ ልጅና የ7 ወር ሴት ልጅ አሉኝ። ወንዱ ልጄ ጉንፋን ይዞት ሳሉ ሌሊት ሌሊት አላስተኛን ብሏል፤ ዛሬ 9 ቀኑ ነው። ንፍጡ መጀመሪያ እንደ ውኃ ነበረ፤ አሁን ወፍሮ አረንጓዴ ሆኗል። ባለቤቴ ከመድኃኒት ቤት የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ገዝቶለት ሁለት ቀን ከወሰደ በኋላ አቆምነው፤ ትንሿም ማስነጠስ ስለጀመረች የተረፈውን ለእሷ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። አማቴ ግን «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ካልተቆረጠ ሳሉ አይለቀውም» ብለው ለቅዳሜ አዋቂ ቀጥረዋል። እሳቸው ራሳቸው ከመስቀል ወዲህ ያስላቸዋል፤ የሐይቁ ብርድ ነው ይላሉ። እንጀራ ስጋግር ትንሿን የሚያዝሉልኝ እሳቸው ስለሆኑ ላስቀይማቸው አልፈልግም። እንጥሉን ላስቆርጠው ወይስ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይፈለግለት? የልጅ ሳል የሚያስፈራውስ መቼ ነው?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ቀን የተቆረጠለት የእንጥሉ ጉዳይ ስለሆነ በእሱ እጀምራለሁ፤ ቀጠሮው ይሰረዝ። እንጥል ከላንቃ ጫፍ ተንጠልጥሎ የሚታየው ትንሽ ሥጋ ሲሆን፣ ጉሮሮ በጉንፋን ሲቆጣ እሱም አብሮ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ከወትሮው ረዘም ብሎም ይታያል። ስለዚህ አማትዎ የልጁን አፍ አስከፍተው አይተው «ወርዷል» ማለታቸው ያዩትን መናገራቸው ነው፤ አልዋሹም። ይሁን እንጂ ያበጠው እንጥል የጉንፋኑ ውጤት እንጂ የሳሉ ምክንያት ስላልሆነ፣ ጉንፋኑ ሲያልፍ ያለማንም እርዳታ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። እንጥሉ ተቆርጦ ዳነ የሚባለው ልጅም አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠው ጉንፋኑ ሊለቀው በተቃረበበት ሰሞን ነው፤ 9 ቀን የሳለ ልጅ ቢቆረጥም ባይቆረጥም በሚቀጥለው ሳምንት ሊሻለው ይችላልና፣ ምስጋናውን ግን ምላጩ ይወስደዋል። በአንጻሩ ቁስሉ ደም አላቆም ሊል፣ ደሙ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ሊወርድ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ከሰው ወደ ሰው በሚዘዋወር ስለት ደግሞ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ሊተላለፍ፣ ቴታነስም ሊከተል ይችላል። ጉዳዩን ለአማትዎ የሚያስረዳው ባለቤትዎ ቢሆን ይሻላል፤ ልጅ እናቱን ሲመክር እንደ ምራት ንግግር አይቆጠርበትም።

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ለጉንፋን ምክንያት የሚሆኑት ቫይረሶች ከ200 በላይ ስለሆኑ፣ ሰውነት አንዱን ተዋግቶ ቢለማመደው ሌላው ተራውን ይመጣል፤ ትንሽ ልጅ በዓመት ውስጥ 6 ወይም 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ከሕፃናት ጋር ለሚውል ልጅ የተለመደ ነው። ንፍጡና የጉሮሮ ሕመሙ በ7 እና በ10 ቀን መካከል ሲያልፍ ሳሉ ግን እስከ 2፣ አንዳንዴም እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በ9ኛው ቀን መሳሉ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። አረንጓዴው ንፍጥም ቢሆን፣ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያሰለፋቸው ሕዋሳት ሲሞቱ ፈሳሹን የሚያቀልሙት እነርሱ ስለሆኑ፣ በጉንፋን አጋማሽ ላይ መታየቱ የተለመደ ነው። «አረንጓዴ ከሆነ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል» የሚለው አባባል በየመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ቢሰማም ትክክል አይደለም።

የሐይቁ ነፋስስ? በኅዳርና በታኅሣሥ ባሕር ዳር ቀትሩ እያቃጠለ ሌሊቱና ንጋቱ መቀዝቀዙ እውነት ነው፤ በዚህ ወቅት ጉንፋን መብዛቱም እውነት ነው። ያለ ቫይረስ ግን ብርድ ብቻውን ጉንፋን አያመጣም፤ ብርዱ ቤተሰቡን በአንድ ክፍል ሰብስቦ በርና መስኮት ሲያስዘጋ የአንዱ ትንፋሽ የሌላው ሲሳይ ይሆናል። ከሚያስለው ሰው ይልቅ የተከፈተው መስኮት የሚፈራበት ሚኒባስ ውስጥ የሚደረገውን ክርክር ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ልጁን ማልበሱ ደግ ነው፤ ክፍሉ ግን ቀን ቀን ይናፈስ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ የልጅ ሳል መቼ ያስፈራል? ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚያዳምጠው የሳሉን ድምፅና ብዛት ነው፤ የጤና ባለሙያ ግን በቅድሚያ የሚያየው አተነፋፈሱን ነው። ከጉንፋን ተነሥቶ ልጅን ለሞት ሊያደርስ የሚችለው የሳምባ ምች ሲሆን፣ ሳምባ ሲታመም ልጁ ያጣውን አየር በፍጥነት ለማካካስ ይሞክራል፤ ይህ ፍጥነት ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ልብሱን ገልጦ በማየት ብቻ ሊቆጠር ይችላል። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲጠባ ወይም ሲሮጥ ቆይቶ ከሆነ ውጤቱ ስለሚያሳስት፣ እስኪረጋጋ ወይም እንቅልፍ እስኪወስደው ይጠብቁ። ከዚያ ሸሚዙን እስከ ጡቱ ድረስ ሰብስበው፣ ሆዱና ደረቱ በደንብ እንዲታዩ መብራቱ ወይም የመስኮቱ ብርሃን ወዳለበት አዙረው ያስተኙት። በስልክዎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሞልተው ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አይበቃም፤ የሕፃን አተነፋፈስ አንዴ ፈጠን አንዴ ዝግ ስለሚል ደቂቃው መሙላት አለበት። ቁጥሩ ከፍ ካለብዎ ደግመው ይቁጠሩ።

ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል፤ ለወንዱ ልጅዎ 40ን፣ ለትንሿ ደግሞ 50ን ይያዙ። ትንፋሹ ፈጣን የሆነ ልጅ ሳሉ ቀላል ቢመስልም በዚያው ቀን መታየት አለበት። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ጉዳዩ ለየት ይላል፤ መለኪያው 60 ቢሆንም፣ ትኩሳት ካለው፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም እንደ ልቡ አልጠባ ካለ ቆጠራ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ምልክትም አለ። ልጁ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ከታችኛው ጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ሳምባው በጉልበት እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ተረጋግቶ እያለ አየር ሲያስገባ የሻከረ ድምፅ ማሰማት፣ የከንፈር መጥቆር፣ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተጠርቶ ለመንቃት መቸገር፤ እነዚህ ከታዩ ሌሊትም ቢሆን ጊዜ የሚሰጡ አይደሉም። በመደበኛው ጊዜ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህንኑ ትንፋሽ የመቁጠር ሥራ ሠልጥነውበታል። እነዚህ የአደጋ ምልክቶች ሲታዩ ግን ለእርስዎ ሰፈር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል በባጃጅ የሚደረስባቸው ናቸው። ይህን ጽሑፍ ዘጌ ወይም ደሴቶቹ ላይ ሆኖ የሚያነብ ወላጅ ግን፣ ጀልባ በማይገኝበት ሰዓት እንዳይጨነቅ፣ ልጁ ከሰዓት በፊት አተነፋፈሱ ከተለወጠበት ማታን ባይጠብቅ ይመረጣል።

አሞክሳሲሊኑን በተመለከተ፣ የተረፈውን ለትንሿ አይስጡ። መድኃኒቱ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ጉንፋን ከቫይረስ ስለሆነ አያሳጥረውም፤ ተቅማጥና የቆዳ ሽፍታ ግን ሊያመጣ ይችላል። በተጨማሪም ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ የ3 ዓመት ልጅ መጠንም የ7 ወር ሕፃን መጠን አይደለም። አሞክሳሲሊን ክፉ መድኃኒት ነው ማለቴ እንዳይመስልዎ፤ የሳምባ ምች ለያዘው ልጅ የሚታዘዘው እሱው ስለሆነ፣ በየጉንፋኑ እየተሰጠ ባክቴሪያው ከተለማመደው በተፈለገበት ቀን ሊከዳን ይችላል። «ጠንከር ያለ» ስላሉት መድኃኒትም የምለው ይኸው ነው፤ ለቫይረስ ጉንፋን ጠንካራ አንቲባዮቲክ የሚባል የለም። ለትልልቅ ልጆች ወላጆች ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የአንገት እጢ እብጠት ከታየበት ይመርመር፤ ይህ የባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም ሊሆን ስለሚችልና ሳይታከም ሲቀር የልብ ቫልቭን ለሚጎዳው የሩማቲክ በሽታ ስለሚዳርግ፣ በዚህ ጊዜ የታዘዘው አንቲባዮቲክ እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ለወንዱ ልጅ ከመኝታ በፊት ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይስጡት፤ የሌሊት ሳልን በማስታገስ ረገድ ማር ከብዙ የሳል ሽሮፖች የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጎጃም ላይ ደግሞ ጥሩ ማር ማግኘት አያስቸግርም። ለትንሿ ግን ጠብታም ቢሆን ማር አይሰጥም፤ 1 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ማር ቦቱሊዝም ለተባለ፣ ጡንቻን ለሚያዝልና ትንፋሽን ለሚያውክ መመረዝ ሊያጋልጠው ይችላል። የእሷ መድኃኒት የእናት ጡት ነው፤ አፍንጫዋ ሲዘጋ ረጅም መጥባት ስለምትቸገር ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት በጥቂት ያጥቧት። ከማጥባትዎ በፊት በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው በየአፍንጫዋ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጠብታ ቢያደርጉና በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ቢጠርጉላት መተንፈሻዋ ይከፈታል፤ ውኃው በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ወንዱ ልጅ ለብ ያለ ሾርባ፣ አጥሚት ወይም ስስ ሻይ ይጠጣ፤ መብላት ቢቀንስም መጠጣቱ አይቀንስበት። ትኩሳቱ ካስጨነቀው ፓራሲታሞል በኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ታስቦ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ሊሰጠው ይችላል፤ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ሳያነቡ አይቅዱ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም እንዲሁ።

ባህላዊውን ሁሉ በአንድ ላይ አልኮንንም። ትልቅ ሰው ዝንጅብልና ሎሚ ያለበት ሻይ ቢጠጣ፣ በጨው ውኃ ቢጉመጠመጥ ጉሮሮውን ያሳርፈዋል። ዳማ ከሴ ጨምቆ በሕፃን አፍንጫ መጨመር፣ ቅቤ ማስዋጥ ወይም አፍንጫ ውስጥ ማድረግ ግን ይቅር፤ ቅባት በስሕተት ወደ ሳምባ ሲወርድ ራሱን የቻለ የሳምባ በሽታ ያስከትላል። ልጅን በፈላ ውኃ እንፋሎት ብርድ ልብስ አልብሶ ማጠንም የሚያተርፈው ቃጠሎ ነው። ጤና አዳምን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት በብዛት አፍልታ ባትጠጣ ይሻላል።

ጭስ ላይ ግን ሳልቆም አላልፍም፤ ደብዳቤዎ ውስጥ «እንጀራ ስጋግር» የሚለውን ሳነብ ማሰቤ አልቀረም። በእንጨት ወይም በኩበት ጭስ የተሞላ ማድ ቤት ውስጥ የሚውል ሕፃን ለሳምባ ምች የበለጠ ይጋለጣል፤ በጀርባ የታዘለ ሕፃን ደግሞ የሚተነፍሰው የአዛዩን አየር ነው። በሚጋግሩበት ሰዓት ልጆቹና አማትዎ ከማድ ቤቱ ይራቁ፤ አቅም ከፈቀደ ጭስ የሚቀንሰውን ምርጥ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠቀሙ፤ ካልሆነ ሁለት መስኮት ትይዩ ይከፈት። ልጁ እስኪሻለው የቡና ዕጣኑም ይቆይ። ከሰል አያይዞ በተዘጋ ክፍል ማደር ከሳል አልፎ ይገድላል። መቼም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠላችን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ዓለምን ካዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር የሚያያዝ ትዝታ ነው፤ ያን ዕለት ግን ከተማው በጭስ ሲታፈን በሳል የሚሠቃይ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው በር ዘግቶ ቢውል ይበጀዋል፤ መስኮት ክፈቱ ያልኩትን የምሽርበት ቀን ይህ ብቻ ነው።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ነገር አለ፤ ለእኔ ግን ከልጁ ጉንፋን ይልቅ አሳሳቢው እሱ ነው። አማትዎ ከመስቀል ወዲህ ካሳላቸው ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ የትልቅ ሰው ሳል ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ለቲቢ መመርመር አለበት፤ ማታ ማታ ማላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ደግሞ አንድ ቀንም አይደር። ቲቢ በአየር የሚተላለፍ ስለሆነና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ቶሎ አጥቅቶ ስለሚከፋባቸው፣ የሰባት ወሯን ሕፃን ጀርባቸው ላይ አዝለው የሚውሉት እሳቸው መሆናቸው ነገሩን ያቻኩለዋል። ቲቢ ነው ማለቴ አይደለም። ለደም ግፊት ኤናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ለወራት የሚቆይ ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ከሆነ በራሳቸው ሳያቋርጡ ሐኪሙ እንዲቀይርላቸው ይጠይቁ። ለብዙ ዓመታት የማድ ቤት ጭስ የተነፈሰ ሳምባ፣ አስም፣ የልብ ድካም፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስም እንዲህ ያስላሉ። የሐይቁ ብርድ ግን ሁለት ወር አያስልም።

የቲቢ ምርመራውም ሆነ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። የሚጠየቁት አክታ ነው፤ ምራቅ አይበቃም፤ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ አፋቸውን በውኃ ተጉመጥምጠው፣ ከደጅ ወጥተው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሰው ከውስጥ የሳሉትን በተሰጣቸው ዕቃ ያቀርባሉ። በሽታው ከተገኘም የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል፤ በመድኃኒቱ ይድናል፤ ልጆቹም ተመርምረው እንደ ሁኔታው መከላከያ መድኃኒት ይጀምራሉ። እስከዚያው ሲያስሉ አፋቸውን በነጠላቸው ወይም በክንዳቸው ይሸፍኑ፤ ማስክ ቢያደርጉ ይመረጣል፤ ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል አይደሩ፤ ትንሿንም ለጊዜው ሌላ ሰው ይዘላት።

ላስቀይማቸው አልፈልግም ላሉት፣ ለቅዳሜው ቀጠሮ ምትክ የሚሆን ሌላ መንገድ አለ። ባለቤትዎ «ልጆቹን ጤና ጣቢያ ልናሳይ ነው፤ እርስዎም አብረውን ይሂዱና ሳልዎን ያሳዩ» ቢላቸው፣ የእሳቸው ጉዳይ ብቻውን ተነጥሎ አይወጣም፤ ለልጅ ልጆቻቸው ሲባል እምቢ ይላሉ ብዬም አልገምትም። ሲሄዱ የአሞክሳሲሊኑን ጠርሙስ፣ አማትዎ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የቆጠሩትንም የትንፋሽ ቁጥር በወረቀት ይዘው ይሂዱ። የሁለቱን ልጆች የክትባት ካርድም አይርሱ፤ ትንሿ በ6፣ በ10 እና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡትን የሳምባ ምች መከላከያ ክትባቶች ካልጨረሰች እዚያው ትወስዳለች፤ ቀላል ጉንፋን ክትባት አይከለክልም፤ የኩፍኙ ደግሞ 9 ወር ሲሞላት ነው።